የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ ውጤት

ደብሪቱ ገና ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የእህታቸውን ልጅ በር አንኳኩተው ገቡና፣ ከጋቢያቸው ሥር አቡጀዲ አውጥተው ፍራሹ ላይ ዘረጉት። «ሦስት ሜትር ነው የገዛሁት፤» አሉ፣ «ሻጩ አጥንት ብቻ ከሆነ ይበቃል ብሎኛል። አንተ የልጄን ቁመት ታውቀው የለ፤ ይበቃል ትላለህ?» ናስር ሰግዶ መነሣቱ ነበር፤ መስገጃውን እያጠፈ አቡጀዲውን አየ፣ አክስቱን አየ፣ ሚስቱን ሁሪያን አየ። ሁሪያ ዓይኗን ወደ ሻይ ብርጭቆው መለሰች። ሜትሩ ከጦርነቱ በፊት አርባ ብር የነበረው አቡጀዲ ዘንድሮ መቶ አሥር ገብቷል፤ ሰው ሲረክስ መግነዙ ይወደዳል። ደብሪቱ ሁለት ዶሮ ሸጠው ነው የገዙት። «ይበቃል፣ አክስቴ፤» አለ ናስር። ሌላ ምን ይበል?

የናስር እናትና ደብሪቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አንዷ ባል አግብታ ሰለመች፣ ሌላዋ በማተቧ ቀረች፤ ወሎ ውስጥ ይህ ወግ እንጂ ወሬ አይደለም። እናቱ ከሞተች ወዲህ ናስርን የሚቆጣውም የሚመርቀውም ደብሪቱ ብቻ ናቸው። ዛሬ ግን አልተቆጡም፣ አልመረቁም። አቡጀዲውን መልሰው አጣጠፉና እግራቸውን ሰብስበው ቁጭ አሉ። ሦስቱም ሻይ ጠጡ። የሚጠብቁት አንድ ነገር እንደሆነ ሦስቱም ያውቃሉ፤ ወልድያ ካለው ከኮምፒውተር ጠጋኙ ከቢኒያም ሱቅ የሚመጣውን ላፕቶፕ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ነሐሴ ከተማዋ መርሳ በጦርነቱ ተይዛ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ስትቆይ፣ ሬሳ ወደ ቤተ ክርስቲያኑም ወደ እስላም መቃብሩም መውሰድ አይቻልም ነበር። መንገዱ የተኩስ መንገድ ነው፤ ሦስት ሰው ተሰብስቦ ከታየም «ምን ትመክራላችሁ?» ይባላል። ስለዚህ እስላሙንም ክርስቲያኑንም አንድ ላይ የሚቀብረው የሰፈሩ ቅሬ፣ ዘጠኝ ሰዎችን ወንዙ ዳር፣ ከሾላው ዛፍ ጀምሮ በአንድ ረድፍ ቀበረ። አምስቱ እስላም፣ አራቱ ክርስቲያን ናቸው። ከአራቱ አንዱ የደብሪቱ ልጅ በረከት ነው፤ ባጃጅ ነጂ፣ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ፣ ውሃ ሊቀዳ ወጥቶ ከየት እንደመጣ ባልታወቀ ከባድ መሣሪያ የተመታ። ሁሉም የተጠቀለሉት በአንድ ዓይነት ሸራ ነው። በየመቃብሩ ራስጌ ስም የተጻፈበት ሳንቃ ተተክሎ ነበር፤ በኋላ ወንዙ ዳር የሰፈሩ ወታደሮች አንድደው ወጥ ሠሩበት።

አሁን ወሩ ግንቦት ነው። ያ ወንዝ በየክረምቱ ከዳርቻው ሁለት ሦስት ክንድ ይበላል፤ ዘንድሮ የሚበላው ምን እንደሆነ ለማንም መንገር አያስፈልግም። ደብሪቱ ልጃቸውን ዝናብ ሳይገባ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሊያገቡ ቄሱን ለመኑ። ቄሱ እሺ አሉ፤ ግን «የእርስዎ ልጅ ለመሆኑ የቅሬው ጸሐፊ በቃሉ ይመስክር» አሉ። ዘጠኙንም ከፍቶ ማየት ይቻላል ያለ ሰውም ነበር፤ በቅሬው ስብሰባ ላይ አፉን አስያዙት። «የተቀበረ እስላም አይነካም» አሉ የአምስቱ ቤተሰቦች፤ ልክ ናቸው። ቄሱም ልክ ናቸው። ሁሉም ልክ ሆኖ መከራው ናስር ላይ ወደቀ፤ የቅሬው ጸሐፊ እሱ ነዋ።

ታዲያ ጸሐፊ ሆኖ እንዴት አያውቅም? ናስር አልቀበረም። ሲነጋጋ ቆፍረው የሚቀብሩት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ናስር ቤቱ ተቀምጦ ከሦስቱ አንዱ፣ ጋሽ ደምሴ፣ በአጥር በኩል የሚነግረውን ይመዘግባል። በሞቱበት ተራ አልተቀበሩም፤ መሬቱ የላላበት፣ ጥይት የማይደርስበት ቦታ እየተመረጠ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ነው የተቆፈረለት። ጋሽ ደምሴ የስኳር መድኃኒት አጥተው ከርመው፣ መድኃኒቱ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሞቱ። አንዱ ቆፋሪ ዘመተ፤ ድምፁ የለም። የቀረው ሞላ ነው። ሞላ ሦስት ጊዜ ሲጠየቅ አራት መልስ ሰጥቷል።

በወረቀት መመዝገብ በዚያን ጊዜ ሞት መፈለግ ነበር። ስም ዝርዝር ኪሱ የተገኘበት አንድ የጎረቤት ሰው ሰላይ ተብሎ የተገረፈውን ግርፋት ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ናስር መምህር ነው፤ መላ ዘየደ። ላፕቶፑን ከፍቶ ዴስክቶፑ ላይ «የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ ውጤት» የሚል ፋይል ሠራ። ሟቾቹን ተማሪ አደረጋቸው። አሥር ያገኘ ከሾላው አንደኛ፣ ሃያ ያገኘ ሁለተኛ፣ እንዲህ እያለ ዘጠና ያገኘ የወንዙ አፋፍ ላይ ነው። መብራት ስለሌለ ባትሪው ላይ የቀረው ስድሳ ከመቶ ብቻ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ሟች አምስት አምስት ከመቶ እየተቃጠለ ዘጠኙን ጨረሰ። መሃል ላይ ቤት ለቤት ፈታሾች መጥተው አንዱ ላፕቶፑን አስከፈተው። ፋይሉን አየ። «ይሄ አሥር ያገኘው የማን ሰነፍ ነው?» ብሎ ሳቀ። ናስርም አብሮ ሳቀ። ሳቁን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ የዚያን «ሰነፍ» ስም ግን ማስታወስ አቃተው።

በማግስቱ ላፕቶፑ እንዳይወሰድበት በፌስታል፣ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ በፍየሎቹ በረት ውስጥ ቀበረው፤ ሰው በሞተ ቁጥር እየቆፈረ ያወጣል፣ ጽፎ ይቀብራል። ከተማዋ ነፃ ስትሆንና መብራት ሲመለስ አውጥቶ ሰካው። በራ! ሁሪያ እልል አለች። በዚያ ዘመን ከተቀበሩት አሥር ነገሮች የተነሣው እሱ ብቻ ነው።

የዚያን ዕለት በወረቀት ቢገለብጠው ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር። ሰው ግን ከሞት የተረፈን ነገር ከእንግዲህ አይሞትም ብሎ ያምናል። ቅሬው በሚቀጥለው ስብሰባ ይነበብ አለ፤ ስብሰባው ተራዘመ። ከዚያ ከአንድ መሥሪያ ቤት «የሟቾችን ዝርዝር በኢሜይል ላኩ» የሚል ትእዛዝ ወረደ። ናስር የስልኩን ኔትወርክ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘ። ዘጠኝ ወር ከዓለም ተቆርጦ የነበረው ማሽን ደብዳቤውን ከመላኩ በፊት የራሱን ነገር አስቀደመ፤ አፕዴት ማድረግ ጀመረ። «እንዳያጠፉ» አለ። ናስርም አላጠፋም፤ ሠላሳ አራት ከመቶ ላይ ሲደርስ መብራት ኃይል አጠፋለት። ባትሪው መሬት ውስጥ ከርሞ አብጦ ስለነበር አንዲት ደቂቃ እንኳ አልያዘም። ከዚያ ወዲያ ሲከፈት ጥቁር፣ ቀጥሎ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ጥቁር ብቻ ሆነ። ከአምስት ቀን በፊት ወልድያ ወስዶ ለቢኒያም ሰጠውና «ውስጡ ያለውን አደራ» ብሎ ተመለሰ። ትናንት ቢኒያም ደወለ፤ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ «ተነሥቷል… መምህር… ይምጡ» የሚለው ብቻ ተሰማ። ተነሥቷል! ናስር ይህን ለደብሪቱ መንገሩ አሁን ይጸጽተዋል፤ አቡጀዲውን ያስገዛው ይህ ቃል ነው።

መናኸሪያው በር ላይ ሀስና ቆማ ጠበቀችው። ባሏ አማን ከዘጠኙ አንዱ ነው፤ አባቷ ያላያትን የስምንት ወር ልጁን አዝላለች። ዜና መርሳ ውስጥ ከሚኒባስ ይፈጥናል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ናስር። ዛሬ ታመጣዋለህ አሉ።»

«ወአለይኩም ሰላም። ኢንሻአላህ።»

«እኔ አማንን አውጡልኝ አልልም። የት እንደሆነ ብቻ ንገረኝ፤ ሌላውን ሲያወጡ በስህተት እንዳይነኩብኝ ሄጄ አጠገቡ እቆማለሁ።»

«ወንዙስ?» አለ ናስር፤ ሳያስበው ነው ያመለጠው።

«ወንዙ ቢወስደው የአላህ ሥራ ነው። ሰው ቢወስድብኝ ግን የሰው ሥራ ነው፤» አለችና ልጇን አስተካክላ አዘለች።

ሚኒባሱ በታሪፍ ሃያ አምስት ብር ነው፤ ረዳቱ ሃምሳ ይቀበላል፤ የተከራከረ ይወርዳል። ናስር ከፈለና በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ። ከጎኑ የተቀመጡት ሰውዬ ስለ ቲማቲም ዋጋ ያወራሉ። ሲሪንቃ ሲደርሱ የእርሻ ምርምር ማዕከሉ አጥር የፈረሰበትን ቦታ ያሳዩታል፤ ናስር «እህ» ይላል። ልቡ ፋይሉ ላይ ነው። በረከት ሠላሳ ነበር ያገኘው? ወይስ ሰባ? መጀመሪያ የጻፈ ጊዜ ስሙን አይቶ አልቅሷል፤ ቁጥሩን ግን በእንባ ውስጥ ነው ያየው። ከዚያ ወዲህ በሐሳቡ ሺህ ጊዜ አዟዙሯቸዋል፤ ሠላሳ ሲል ሠላሳ ይመስለዋል፣ ሰባ ሲል ሰባ ይመስለዋል። እንደ እውነቱ ከሆነ እሱም ከሞላ አይሻልም።

ወልድያ ውስጥ የቢኒያም ሱቅ የሱቅ ስም ብቻ ነው የቀረው። ዕቃው ሁሉ ተዘርፎ፣ በሩ በቆርቆሮ ተጠግኖ፣ ውስጡ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር አለ። ቢኒያም ግን ሳቂታ ልጅ ነው፤ ናስርን ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ። «መምህር፣ ይቀመጡ! ይቀመጡ! ሙሽራ አስመስዬልዎታለሁ!» ላፕቶፑን ከፈተው። ድምፅ አሰማ፤ ሰማያዊ ሰማይና አረንጓዴ ኮረብታ ያለበት ሥዕል ወጣ። ናስር እንዲህ ያለ ለምለም አገር አይቶ አያውቅም። «አፕዴቱ ዊንዶውን በልቶት ነበር፤ አዲስ ጫንኩበት። ባትሪም ከሌላ አሮጌ አውጥቼ ገጠምኩልዎ፤ የባትሪ አልጠይቅዎትም።»

ዴስክቶፑ ባዶ ነበር። አንዲት ቆሻሻ መጣያ ብቻ ጥግ ላይ ተቀምጣለች።

«ፋይሎቼስ?» አለ ናስር።

«አብሽሩ!» አለ ቢኒያም፤ ከእስላም ደንበኞቹ የለመደው «አይዞዎት» ነው። ከመሳቢያው ፍላሽ አወጣ። «አደራ አላሉኝም? ፎርማት ከማድረጌ በፊት ዲስኩን ፈትቼ በእኔ ማሽን ከፈትኩት። የሠርግዎን ፎቶ አወጣሁ፣ መንዙማዎቹን አወጣሁ፣ የልጆቹን ቪዲዮ አወጣሁ። ፍላሹ ጠበበኝና የማይረባ የማይረባውን ተውኩት።»

«የማይረባው ምንድነው?»

«የፈተና ወረቀት፣ የድሮ ውጤት ምናምን። አንድ የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ ነበር፤ ከፍቼም አይቼዋለሁ፤ ዘጠኝ ተማሪ ብቻ ነው፣ ያለፈ ዓመት። ለማን ይጠቅማል ብዬ…»

ናስር ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከፈታሾች የሸሸገበት ብልሃት ከወዳጅም እንደሚሸሽግ አንድ ቀን እንኳ አላሰበም። ለቢኒያም ነገረው፤ ስለ ሾላው፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ አሥሩና ስለ ዘጠናው። ቢኒያም እየሰማ ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ።

«አይተኸዋል ብለሃል፤» አለ ናስር በመጨረሻ፤ ድምፁ የልመና ነበር። «በረከት የሚል ስም አለ። ስንት ነው ያገኘው? አስበህ ንገረኝ።»

ቢኒያም ዓይኑን ጨፈነ። ግንባሩን በሁለት እጁ ያዘ። ያ ልጅ በዚያች ሰዓት የሰው ነፍስ የሚመልስ ይመስል ነበር። «አንዱ ዘጠና አግኝቷል፤» አለ፣ «ከሁሉም የበለጠው ነው፤ በልቤ ጎበዝ ብዬዋለሁ። ስሙን ግን… ወላዲተ አምላክን፣ ስሙን አላየሁትም።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ሞከረ። ዲስኩን እንደገና ፈታ፤ የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ጫነ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀመጡ። ቢኒያም ምሳ አስመጣ፤ ማንም አልቀመሰውም። ፕሮግራሙ ስም የለሽ ፋይሎች በመቶ በመቶ እያወጣ ደረደረ፤ አብዛኛው አልከፈትም አለ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንዱ ተከፈተ። ዘጠኝ መስመር ነበረው። ናስር ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። በመስመሮቹ ላይ ግን ፊደል የለም፣ ቁጥርም የለም፤ ባዶ ሳጥን፣ ባዶ ሳጥን፣ ባዶ ሳጥን በረድፍ ተደርድሯል። ቢኒያም ዝቅ አድርጎ፣ ከፍ አድርጎ፣ ፊደሉን ለውጦ አየው። ሳጥኑ ሳጥን ነው። «አዲሱ ዊንዶው እላዩ ላይ ተጽፎበታል፤» አለ። የሥራውን ዋጋ ናስር ሲዘረጋለት እጁን ወደ ኋላ ሸሸገ። «መምህር፣ በእመቤቴ፣ እንዲህ አያድርጉኝ።» ለመቆጣት እንኳ የሚመች ሰው አልነበረም፤ ናስርን የባሰ ያቃጠለው እሱ ነው።

ከከተማው መውጫ ኬላው ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ። ላፕቶፕ የያዘ ማብራት አለበት። ናስር አበራው፤ ያ ለምለም ኮረብታ ወጣ። ፈታሹ እዚህም እዚያም ነካ ነካ አደረገና «ምንም የለበትም፤ እለፍ፤» አለው። መርሳ ሲደርስ ለሀስና እንዳይታይ ከመናኸሪያው በፊት ወርዶ በጀርባ መንገድ ሄደ፤ ጎልማሳ ሰው፣ መምህር፣ እንደ ሌባ በሰው ጓሮ። ከወደ ደጋው ሰማዩ ጠቁሯል። ገና መርሳ አልዘነበም፤ ወንዙ የሚሞላው ግን በመርሳ ዝናብ አይደለም።

ደብሪቱ ጠዋት በተዋቸው ቦታ ተቀምጠዋል። ናስር ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አደረገና ከፈተው፤ ለምን እንደከፈተው አያውቅም። «ተነሣልህ!» አሉ ደብሪቱ ብርሃኑን ሲያዩ፤ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። ናስር መዋሸት ይችል ነበር። በመንገድ ላይ «አርባ ነው፣ ከሾላው አራተኛው» ማለትን ተለማምዶ ነበር። አፉ ግን ሌላ አወጣ።

«ተነሥቷል፣ አክስቴ። ዝርዝሩ ግን ጠፍቷል። አይገኝም።»

ጩኸት ጠብቆ ነበር። ሁሪያም ጠብቃ፣ ልትደግፋቸው ጠጋ ብላ ነበር። ደብሪቱ ግን አልጮኹም። እጃቸውን ቀስ አድርገው አወረዱና አቡጀዲው ላይ አኖሩት። በረት ውስጥ ፍየሎቹ ሲተሻሹ ይሰማል። ሁሪያ መብራቱን አበራች፤ ሻይ ልታፈላ ተነሣችና መልሳ ተቀመጠች። 

«እንግዲያው አንዱን ስጠኝ፤» አሉ ደብሪቱ።

«ምን አሉ?»

«አንዱን ስጠኝ። ማንም ይሁን። ይሄ ነው ብለህ ለቄሱ ንገርልኝ፤ አንዲት ቃል ናት።» ድምፃቸው ሽንኩርት እንደሚገዛ ሰው ድምፅ የረጋ ነበር። «ሁሉንም ወንዝ ይውሰዳቸው ትላለህ? እኔ ተራዬን ቁጭ ብዬ ጎርፉን ልየው? ወንዙ መጀመሪያ የሚወስደውን ስጠኝ፤ ያንን አፋፍ ላይ ያለውን።»

ዘጠና ያገኘውን። ወደ ናስር ልብ ቁጥሩ ብቻ መጣ፤ ቁጥሩ ስም የለውም።

«የሀስና ባል ቢሆንስ፣ አክስቴ?» አለች ሁሪያ።

ደብሪቱ ወደ እሷ አልዞሩም። «ቢሆንስ? ከጎርፍ አወጣሁት እንጂ ለጅብ አልሰጠሁት። ሀስና ትጥላኝ።» አቡጀዲውን እንደገና በአራት አጠፉት። «እኔ እንደሆንኩ አላየውም። ስታወጡት ዞሬ እቆማለሁ። በረከት ነው ካላችሁኝ በረከት ነው።»

ተነሡ። ናስር እንደ ወጉ እስከ በር ሸኛቸው። ደፉ ላይ ቆመው ወደ ደጋው ሰማይ አዩ፤ መብረቁ ድምፅ የለውም፣ ብልጭ ብቻ ይላል። «በጠዋት፤» አሉት፣ «ሰው ወንዝ ሳይወርድ።»  ጉልበቱን ስመው ሄዱ። አክስቱ ናቸው፤ ጉልበት መሳም የነበረበት እሱ ነው፤ ሳያስቆማቸው ቀረ።

ወደ ቤት ሲመለስ ላፕቶፑ እንደበራ ነው። ሁሪያ ብርሃኑ ፊት ተቀምጣለች። «ለሀስናስ ማን ይነግራታል?» አለችው። ናስር ላፕቶፑን ከደነውና ወደ በረቱ ወጣ። ዶማው ኮምፒውተሩን ቆፍሮ ያወጣ ዕለት ባስቀመጠው ቦታ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። አነሣውና ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳበሰው፤ ዶልዱሟል። ድንጋይ ፈልጎ ሊስለው ተቀመጠ።